በቅሎዋ፣ ሙሽሮቹና የእትዬ ዙበይዳ ገመድ

ከበቅሎዋና ከሙሽሮቹ አንዱን እንድመርጥ የተጠየቅሁ ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። በቅሎ ስል ሣር የምትበላዋን አይደለም፤ ሙሽሮች ስልም ሠርግ አልነበረም። ሁለቱም ሞተሮች ናቸው፤ ስማቸውን ያወጣንላቸው እኛ በከብት እርሻው የምንሠራ ሰዎች ነን። አንደኛዋ አራት ጎማ ያላት፣ እንደ በቅሎ እግርን አንፈራጥጠው የሚቀመጡባት፣ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራች ነች። ሁለተኛው መሪ ያለው፣ ከላዩ የብረት ቅስት፣ ከኋላው የጭነት ሣጥን የተገጠመለት፣ ሾፌርና ጓደኛው እንደ ሙሽራና ሙሽሪት ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ትንሽ መኪና ቢጤ ነው። ለእርሻ የቱ ይሻላል? ጥያቄው ይኸው ነበር። መልሱን አውቀው ነበር። ያወቅሁትን ግን አልተናገርኩም፤ ቅናት ይዞኝ ነበር።

ዛሬ እርሻው የለም። ተሸንሽኖ ቤት ተሠርቶበታል፤ ላሞቹ ይታለቡበት የነበረው ቦታ ላይ የስልክ ካርድ የሚሸጥ ሱቅ አለ ይሉኛል። እኔም ከሥራ ወጥቻለሁ። የድሮ ደንበኞቼ ሲያገኙኝ ያንን የወተት ዘመን ያነሳሉ፤ አንስተውም "ረውዳ እንዴት ነች? ያቺ የተባረከች ልጅ!" ይላሉ። ዘጠኝ ዓመት ወተቱን በአህያ ጋሪ ደጃፋቸው ድረስ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ የሚጠይቁት ግን ረውዳን ነው። ይኸው እስካሁን ትንሽ ይቆረቁረኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ካርቱም የገባሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከወሎ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት እዚያው ካርቱም፣ ከካሴት ሽፋን ላይ ነው፤ አብራኝ የተከራየች የጎንደር ልጅ ዘፈኑን እየከፈተች በጣቷ ፊደሉን ታሳየኝ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ቡሪ በሚባል ሠፈር ውስጥ የቤት ሠራተኝነት ሆነ። እመቤቴ ሲት ሱዓድ ነጭ መሐረብ በጣቷ ጠቅልላ የመስኮቱን ጠርዝ የምታብስ፣ መሐረቡ ከጠቆረ ሙሉ ቤቱን እንደገና የምታስጠርግ ሴት ነበረች። ባሏ ሐጅ አልአሚን ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ሠፈር ወዲያ የከብት እርሻ ነበረው፤ የቤቱም ወተት ከዚያ ይመጣል።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ወተቱ ፈልቶ ተበጣጠሰ። ሲት ሱዓድ ላሟን ረገመች። እኔ ክዳኑን አሸተትኩና "ላሟ ምንም አላደረገች፤ ጣሳው ክዳን ሥር በደንብ አልታጠበም" አልኩ። ሐጁ ሰማ። ወደኔ ዞሮ "ክዳን ማሽተት ማን አስተማረሽ?" አለ። "አፍንጫዬ" አልኩት። ሳቀ። በሳምንቱ ወደ እርሻው ላከኝ። ደሞዙ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የመኖሪያ ወረቀቴን ጉዳይ ራሱ ያስጨርሳል። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

እትዬ ዙበይዳን ያገኘኋት እዚያ ነው። እሷም የወሎ ሰው ነች፤ እኔ በምደርስበት ጊዜ ሱዳን ውስጥ ሃያ ዓመት አልፏታል። አማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ ሆኗል፤ ስትቆጣ ብቻ ንጹሕ አማርኛ ትናገራለች። በረቱን፣ ማለቢያውን፣ ወተት የሚዞርባቸውን ደጃፎች ሁሉ የምትመራው እሷ ነበረች። ስትቀዳ አትናገርም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ትቀዳና ነው "ምንድን ነው?" የምትል። ጣሳ ከተጫነ በኋላ እያንዳንዱን በጉልበቷ ትገፋዋለች፤ ከተነቃነቀ እንደገና ይታሠራል። ከጎረቤት ከብት አርቢዎች የምንሰበስበውን ወተት ከአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አንድ ጠብታ አኑራ ታየዋለች። ጠብታው ቁጭ ካለ ጥሩ ነው፤ ተንጣልሎ ከወረደ ውኃ ገብቶበታል፤ ሰውዬውን ሳትሰድብ ጣሳውን ትመልስለታለች።

ከሁሉ በላይ ግን ገመዷ! በወገቧ የምትታጠቃት፣ ከእጅ ብዛት የለሰለሰች ቀጭን ገመድ ነበረቻት። የጥጃውን ደረት በእሷ ዙሪያ ለክታ፣ ቋጠሮ አድርጋ፣ በወሩ እንደገና ትለካዋለች፤ ጥጃው ማደጉን የምታምነው ቋጠሮው ከተላለፈ ብቻ ነው። በር ስታሠራ በገመድ፣ ገንዳ ሲገዛ በገመድ። ሐጁ ራሱ ከእሷ ጋር አይከራከርም። "የዙበይዳ ገመድ ካለ አለ ነው" ይላል።

ዘጠኝ ዓመት በካሮ፣ ያው በአህያ ጋሪ ማለቴ ነው፣ ሐጅ ዩሱፍ ስንመላለስ አህያውን የምነዳው እኔ፣ ከጎኔ የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ጣሳዎቹን እርጥብ ጆንያ አልብሰን፣ ፀሐይ ሳይከርር ሠፈር እንገባለን። ሰው ደጃፍ ስትደርስ መስፈሪያዋን በጣሳው ላይ ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች። በመንገድ ላይ የማታወራኝ የለም፤ የትኛዋ ሴት ልጅ እንዳረገዘች፣ የትኛዋ ከባሏ እንደተኳረፈች፣ ለማን ትንሽ ጨመር ማድረግ እንደሚገባ። ያቺ ከጎኔ ያለች ቦታ ለእኔ ደሞዝ ነበረች።

ከዚያ ረውዳ መጣች።

ረውዳ የአክስቴ ልጅ ነች። ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ለሐጁ "እኅቴ ናት፣ ትሠራለች" ብዬ የለመንኩትም እኔው። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲያዟት "እሺ" ብላ የምትሮጥ። የጥፍሩን ነገር እትዬ ዙበይዳ ለእኔ ያሳየችኝ ሦስት ዓመት ካሠራችኝ በኋላ ነው። ለረውዳ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አሳየቻት! ቆጥሬያለሁ። ከዚያ በኋላማ የማልቆጥረው ነገር ጠፋ። ከጠዋት እስከ ቀትር እትዬ ዙበይዳ እኔን "ሰዓዳ" ብላ ስንት ጊዜ፣ "ረውዳ" ስንት ጊዜ እንደምትጠራ እቆጥር ነበር። ረውዳ ሁልጊዜ ትበልጠኝ ነበር። ሻይ ሲቀዳ ለረውዳ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ለእኔ አንድ ተኩል፤ "አንቺ ጣፋጭ አትወጂ" ትለኛለች። እወድ ነበር እኮ!

አንድ ቀን እትዬ ዙበይዳ ጉልበቷን እያሸች፣ "ደከመኝ ልጆቼ። ከእንግዲህ ደጃፎቹን የምትረከበኝ አንዲት ሴት ላለማምድ ይገባኛል" አለች። አንዲት። ማን እንደሆነች አልተናገረችም። ዐይኗ ግን ረውዳ ላይ ያረፈ መሰለኝ።

ሞተሮቹ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ሐጁ ከበረቱ በር ላይ ቆሞ፣

"ያ ሰዓዳ፣ ወንድሜ ከባሕረ ሰላጤው የላካቸው ናቸው" አለኝ። "አንዱ እዚህ ይቀራል፣ አንዱ ወንዝ ማዶ ላለው እርሻዬ ይሄዳል። እኔ ወተት መጠጣት እንጂ መጫን አላውቅም። ሳምንቱን ሞክሪና ጁምዓ የሚሻለውን ትነግሪኛለሽ።"

እትዬ ዙበይዳ በቅሎዋን ዞራ ዞራ አየቻትና ቶቧን፣ ያንን የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ልብስ፣ ሰብስባ ይዛ፣ "ወላሂ እዚህ ላይ እግሬን አልከፍትም! በዚህ ዕድሜዬ!" አለች። ረውዳም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ እሷም እንደማትወጣባት ገባኝ። እትዬ ዙበይዳ ወደ ሁለተኛው ሄደች። ጫማዋን አውልቃ፣ እንግዳ ቤት እንደምትገባ ሰው ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩን መታ መታ አድርጋ፣

"ይቺማ ቤት ነች!" አለች። "ረውዳ! ያላ፣ ነዪ ንጂኝ!"

ረውዳ ብላ ጠራች። አህያውን ዘጠኝ ዓመት የነዳሁት እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ረውዳ መሪውን ይዛ በግቢው ውስጥ ስትዞር፣ እትዬ ዙበይዳ ከጎኗ ሆና ስትስቅ፣ ስንት ዙር እንደዞሩ ቆጠርኩ።

ሳምንቱን ሞከርኳቸው። ሥራዬን አልበደልኩም፤ ልብ ብዬ ነው የሞከርኩት። በቅሎዋ ጠባብ ነች፤ በመስኖው ቦይ ዳርና በማሳው ድንበር ላይ እንደ ፍየል ትሄዳለች። ቤንዚን አትበላም። ነገር ግን ጣሳ የምትችለው ሦስት ብቻ ነው፤ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ከፊት። ኩርባ ላይ ሰውነትሽን ወደ ውስጥ ካላዘነበልሽ ጭነቱ ወደ ውጭ ይጎትትሻል። ሙሽሮቹ ግን ስምንት ጣሳ ከነጆንያው ተጭኖባቸው ወለሉ ሰፊ፣ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጣሳው በጉልበት ሲገፋ ንቅንቅ አይልም። ቀበቶ አላቸው። የታመመ ሰው፣ የወለደች ላም ጥጃ፣ ሁሉ ይጫንባቸዋል። ዛሬም የእርሻ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይኸው ነው፤ ብቻህን አጥር የምትዞር ከሆነ በቅሎዋን፤ ጭነትና ሰው ካለህ ጎን ለጎን የሚቀመጡበትን ግዛ።

የቀረችው አንዲት ጥያቄ ድልድዩ ነበር። ወደ ሐጅ ዩሱፍ የሚወስደው አቋራጭ ቦዩን የሚሻገረው ሳንቃዎች በርዝመት ጎን ለጎን በተነጠፉበት ድልድይ ነው። ሞተሮቹን ያመጣው ሎሪ የዞረበት ትልቁ መንገድ ለወተት ይረዝማል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው መኪና ይውጣል። ሙሽሮቹ በድልድዩ ካላለፉ ለእኛ አይሆኑም።

ሐሙስ ዕለት ገመዷን እንድታውሰኝ እትዬ ዙበይዳን ጠየቅኳት። ከወገቧ ፈትታ በመዳፌ ላይ አኖረችልኝ። "ከእጄ ወጥታ አታውቅም" አለች፣ "ለአንቺ ብቻ ነው።"

ድልድዩን በስፋቱ ከዳር እስከ ዳር ለካሁና ቋጠሮ አደረግሁ። ተመልሼ የሙሽሮቹን ጎማዎች ከውጭ እስከ ውጭ ለካሁ። ድልድዩ በአንድ ስንዝር ይሰፋል። ያልፋሉ። እዚያው ጎማው ሥር ቁጢጥ ብዬ ገመዷን ይዤ ቆየሁ። ረውዳ ከመሪው ኋላ፣ እትዬ ዙበይዳ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ ከጣሳዎቹ ጋር ስንሻገር ታየኝ። በቅሎዋ ብትቀር ግን ከጎኗ ማንም የሚቀመጥባት ቦታ የላትም። እትዬ ዙበይዳ አትወጣባትም፤ ረውዳም አትወጣባትም። እኔ ግን ቶቤ ሥር ሱሪ እለብሳለሁ፤ የገበያ ሴቶች ከንፈራቸውን ቢመጥጡ የራሳቸው ጉዳይ። ደጃፎቹ ሁሉ የእኔ ይሆናሉ። እትዬ ዙበይዳን ከጎኔ አጣታለሁ፤ ይሁን፤ ከረውዳ ጎን ከማያት።

ቋጠሮውን ፈትቼ አንድ ስንዝር ተኩል ወደ ውስጥ ቋጠርኩት።

ጁምዓ ሐጁ ሲመጣ ገመዷን በሙሽሮቹ ጎማዎች ላይ ዘርግቼ አሳየሁት። ጎማው ከቋጠሮው አልፎ ወጣ። "ድልድዩ ይጠባል" አልኩ። እትዬ ዙበይዳ ያቺን ከቤት የቆጠረቻትን ወንበር አየች፣ ገመዷን አየች፣ "ኻላስ፣ አበቃ፣ ገመዷ ካለች ምን ይደረጋል" አለችና ተነሣች። ረውዳ ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም። ሙሽሮቹ በሎሪ ተጭነው ወንዝ ማዶ ሄዱ። ካሮውና አህያውም ተሸጡ።

ሦስት ወር ደጃፎቹ የእኔ ሆኑ። መስፈሪያውን እኔ አንኳኳሁ። ደስ ብሎኛል ብል ውሸት ነው። ሦስት ጣሳ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነበረብኝ፤ የሁለተኛው ዙር ወተት ፀሐይ ይይዘዋል። አንዳንድ ቀን ክዳኑን ሳሸት አውቀዋለሁ፤ አውቄም እየሰፈርኩ እሄዳለሁ። በመንገድ ላይ የሚያወራኝ የለም፤ ሞተሩ ብቻ ይጮሃል። ስመለስ ሁለቱ በረት ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ጣሳ ሲያጥቡ፣ ሲያወሩ አገኛቸዋለሁ። ልለያቸው ብዬ ቀኑን ሙሉ አንድ ላይ ትቻቸው እሄድ ነበር እኮ! ይኸም ያኔ አስቀናኝ።

ክረምት ገባ። አንድ ረፋድ ላይ ከመጀመሪያው ዙር ተመልሼ በቅሎዋን ሳቆም ረውዳ ጮኸች። እትዬ ዙበይዳ ገለባ ስታነሳ ጊንጥ እጇን ነድፏታል። ፊቷ በላብ ተጠምቋል፤ ምላሷ ይተሳሰራል። ትልቁ መንገድ ጭቃ ነው። ጋሪ የለም። ያለችው በቅሎዋ ብቻ ነች።

"አንሺያት!" አልኳት ረውዳን። ጣሳ በሚታሠርበት ብረት ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈን አስቀመጥናት። እግሯን ማንፈራጠጥ አልቻለችም፤ በጎን ተቀመጠች። ቶቧን በእኔና በእሷ ወገብ ዙሪያ አሥረን ተነሣሁ። ረውዳ በጭቃው ውስጥ ከኋላችን ትሮጣለች። በሕይወቴ የጫንኩት ጭነት ሁሉ በጉልበት ተገፍቶ ነበር፤ ያን ቀን አልገፋሁም።

ድልድዩ ጋ ከመድረሳችን በፊት ቦዩ ዳር አንዲት ኩርባ አለች። እኔ እንደልማዴ ወደ ውስጥ አዘነበልኩ። እሷ፣ የደነዘዘች ሴት፣ በጎን የተቀመጠች፣ ወደ ውጭ ሄደች። የቶቡ ቋጠሮ ሲንሸራተት በሆዴ ላይ ተሰማኝ። በእጄ ልያዛት ዞርኩ፤ የያዝኩት ባዶ ቶብ ነበር። ከቦዩ ጠርዝ ድንጋይ ላይ በወገቧ ወደቀች።

ከማሳ የነበሩ ሰዎች ዐንገረብ፣ ያንን በገመድ የተጠለፈውን አልጋ፣ ይዘው ሮጡ። በትከሻቸው ተሸክመው በድልድዩ አሻግረው እስከ አስፋልቱ አደረሷት። ሐኪሞቹ የጊንጡን መርዝ በአንድ ቀን ጨረሱት። የዳሌዋ አጥንት ግን ተሰብሯል። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ስገባ፣

"ጊንጡ ምንም አላለኝ፣ ሰዓዳ" አለች፤ እያቃሰተችም ትቀልዳለች። "በቅሎሽ ነች የረገጠችኝ።"

ልስቅ ሞከርኩ። እጇን ዘርግታ "ገመዴን አምጪልኝ፤ ያለ እሷ ራቁቴን የሆንኩ ይመስለኛል" አለችኝ። ከዚያች ጁምዓ ወዲህ "ነገ እመልሳለሁ" እያልኩ እኔው ጋ አቆይቻት ነበር። ሰጠኋት። ተጋድማ፣ ጣሪያውን እያየች፣ ገመዷን በጣቶቿ መካከል ቀስ ብላ ሳበቻት። ቋጠሮው ጋ ስትደርስ ቆመች። አለፈችው። አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከሄደች በኋላ እንደገና ቆመች። ገመድ ቋጠሮ ሲፈታ ክሩ ተጨማድዶ ይቀራል፤ ያንን የማያውቅ ሰው አያገኘውም። አውራ ጣቷ እዚያች ቦታ ላይ ተመላለሰ።

"እዚህ ጋ ተቋጥሮ ነበር" አለች። በንጹሕ አማርኛ።

ማን እንደቋጠረው አልጠየቀችኝም። ገመዷን ጠቅልላ ትራሷ ሥር ከተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጣሳ ደፍቻለሁ፣ በአንድ የተረሳ ክዳን የበረቱን ሙሉ ወተት አበላሽቻለሁ፤ እንደዚያ ፊት መመለስ ግን ያቆሰለኝ የለም።

ውጭ ኮሪደሩ ላይ ረውዳ የምግብ ሰሃን ይዛ ቆማ ነበር። ዐይኔን አየችና፣

"አወቀች?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እታለም፣ እኔ እኮ ድልድዩን በሙሽሮቹ ተሻግሬው ነበር። ያኔ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አንቺ ሐጅ ዩሱፍ ሄደሽ ሳለ። ሄጄም ተመለስኩ። ቦታ ተርፎት ነበር።"

"ታዲያ ሐጁ ፊት ስዋሽ ለምን ዝም አልሽ?"

ሰሃኑን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "አንቺ ጠበበ አልሽ። ከአገር ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ፤ በሰው ፊት ላዋርድሽ?" አለች። ቀጥላም፣ "ደግሞ እትዬ ዙበይዳ ደጃፎቹን ለአንቺ ነበር የምትሰጠው። እኔን መንዳት የምታስለምደኝ አንቺ ስትሰፍሪ መሪውን እንድይዝልሽ ነበር። አልነገረችሽም እንዴ?"

አልነገረችኝም። እሷ ያልተናገረችውን እኔ ቆጥሬ ጨርሼው ነበር።

ለሐጁ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ሁለት ቀን ምላሴን አለማመድኩ። የረውዳ ዝም ማለትም፣ ደግነቷም እንኳ አስቀንቶኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ልብ ለእሷ የተሰጠ ለእኔ ለምን አልተሰጠም ብዬ። ረውዳ ግን ምላሴን አልጠበቀችም።

በሦስተኛው ቀን ከገበያ አንድ አናጢ ይዛ መጣች። ቦዩ ዳር ወስዳው ከድልድዩ ጎን ላይ አንድ ሳንቃ በርዝመቱ አስጨመረች። ከዚያ ቡሪ ድረስ ሄዳ፣ ሐጁ ደጃፍ ቆማ፣ እትዬ ዙበይዳ ከሆስፒታል ስትወጣ የምትቀመጥበት ስለሚያስፈልጋት ሙሽሮቹ ከማዶ እንዲመለሱ ጠየቀችው። ሐጁ "ድልድዩ ይጠባል ብላችሁኝ አልነበር?" አላት። "አሰፋነው" አለችው። ሐጁ ተጨማሪ አልጠየቀም፤ ሙሽሮቹ በሳምንቱ መጡ። ረውዳ እትዬ ዙበይዳን ከአስፋልቱ ተቀብላ ከጎኗ አስቀመጠቻት፣ ቀበቶዋን አሠረችላት፣ እኔን ከኋላ ከክራንቿ ጋር ጫነችኝና ድልድዩን ተሻገረች። ጎማው አዲሱን ሳንቃ አልነካውም፤ ሳንቃው የተነጠፈው ለጎማው ሳይሆን ለእኔ ነበር።